ያልተከፈተው የጄል ጠርሙስ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አሰላሙ አለይኩም ወራህመቱላሂ ወበረካቱህ። አባዬ፣ እንዴት ከረሙልኝ? እዚያ ሐርቡ ዝናቡ ገባ ወይ? ከብቶቹስ? ጉልበትዎስ እንዴት ነው? ይቺን የመጨረሻዋን በስልክ በጠየቅሁ ቁጥር «አልሐምዱሊላህ» ይሉና ወደ ሌላ ወሬ ይሻገራሉ። እኔም ከአንድ ነገር በቀር አልሐምዱሊላህ ደህና ነኝ።

እሱን ነገር ደብቄዎት ነበር። ከምሠራበት ሆቴል ላውንደሪ ደረጃ ላይ ወድቄ ቀኝ ጉልበቴ ተጎድቷል። አጥንት ከአጥንት እንዳይፋጭ በመሃል ያለው ልም አጥንት ነው የተጎዳው አሉኝ። ይኸው ሰባት ወር ሙሉ የምሰግደው ወንበር ላይ ተቀምጬ ነው። ግንባሬ መስገጃ ናፈቀው አባዬ።

መስቀል ፍላወር አካባቢ ረውዳ የምትባል ፊዚዮቴራፒስት መዳፍ የምታህል መሣሪያ አዋሰችኝ። በጆሮ የማይሰማ ድምፅ ወደ ጉልበት ትልካለች፣ ድምፁም የልም አጥንቱን ሴሎች እንዲያገግሙ ይቀሰቅሳል፣ በቀን ሃያ ደቂቃ ያዢው አለችኝ። በላቦራቶሪ ሴሎች ላይ ጥሩ ነገር ቢታይም በሰው ጉልበት ላይ ገና እየተጠና መሆኑንም ነገረችኝ። ይሄኔ ይባስ ጠረጠርኳት። ይህን ያህል ከነገረችኝ ያልነገረችኝ ስንት ይሆን?

ደግሞ አይሞቅ፣ አይቆረቁር፣ ድምፅ የሚባል የለው። ጆሮዬን ለጥፌ ሁሉ አዳመጥኩ። ካውያ እንኳ ሲሠራ ይሞቃል! አረንጓዴ መብራቷን እያየሁ ሦስት ሳምንት ታገስኩና በፌስታል ጠቅልዬ መለስኩላት። «እህቴ፣ ይሄ ነገር አይሠራም» አልኳት።

እሷ መሣሪያውን ትታ አብራ የሰጠችኝን የጄል ጠርሙስ አነሳች። ክዳኑ እንኳ አልተከፈተም። አልኮል ቢኖርበትስ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ዉዱእ አድርጌ ምንነቱን የማላውቀውን ነገር ተቀብቼ እንዴት ልስገድ? ያለ ጄሉ ድምፁ ከቆዳዬ እንደሚመለስና ወደ ውስጥ እንደማይዘልቅ ስትነግረኝ በሐፍረት ላብ አጠመቀኝ። ጄሉ አብዛኛው ውሃ ነው፣ አልኮል የለበትም አለችኝ። ያም ሆኖ መነጽሬን አድርጌ የጠርሙሱን ጽሑፍ ሁለቴ አነበብኩት።

መሣሪያውን መልሼ ወስጄ፣ አሁን ጄሉን እየተቀባሁ ስጠቀምበት ሁለት ወር ሊሆነኝ ነው። ባለፈው ጁምዓ ጉልበቴን መስገጃው ላይ አሳረፍኩ፤ ለሱጁድ ሳጎነብስ ግን አመመኝና ተነሳሁ። ያሻለኝ ድምፁ ይሁን ዕረፍቱ አላውቅም፤ ማመኑ አሁንም ይከብደኛል።

ከጠረጠርኩ አይቀር አንድ ልጨምር። ወንድሜ ጠልሐ ለዒድ በላከልኝ ፎቶ ላይ አዲሱን ጋቢ ለብሰው ቆመዋል። ከኋላዎ መስገጃዎ ተነጥፏል፤ መስገጃው ላይ ደግሞ ወንበር አለ። እማዬ እንደሆነች ወንበር ላይ አትሰግድም። አባዬ፣ መደበቁን ከማን እንደወረስኩት ገባኝ። አለቀስኩም፣ ሳቅሁም።

እማዬን ሳሙልኝ። ለጠልሐና ለሚስቱ ለሲቲ ሰላምታዬ ይድረሳቸው፤ ፎቶውን ስላነሳው አደራ እንዳይቆጡት። ለጎረቤቱ ሁሉ ደህና መሆኔን ይንገሩልኝ። ለሰዉ «አልሐምዱሊላህ» ይበቃዋል፤ ለእኔ ግን የሚያምዎት ቀኙ ጉልበት ይሁን ግራው ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ሀዲያ
ካዛንቺስ፣ አዲስ አበባ
ሐምሌ 16 ቀን 2015 ዓ.ም.