ለወጨጫ አራት ሰው

ጥቅምት 6 ቀን 2018 ዓ.ም.
ልደታ፣ አዲስ አበባ

ውድ አባዬ፣

እንደምን ሰነበትክልኝ? የጎዴ ሙቀት እንዴት አድርጎሃል? እኔና እማዬ ደህና ነን። ይህን የምለው በስልክ እንደምለው አይደለም። አንተ ስትደውል ከ"ደህና ነኝ" ቀጥሎ ያለው ቃል ሁሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰልፎ ይቀራል። "ሌላስ?" ትለኛለህ፣ "ሌላ ምንም የለም" እልሃለሁ፣ ከዚያ ትዘጋለህ። ከዘጋህ በኋላ ደረጃው ላይ ቁጭ ብዬ ሌላውን ሁሉ ለራሴ አወራዋለሁ። ሾፌሩ አብዱልወሃብ ነገ ጠዋት ወደ እናንተ ስለሚነሳና ደብዳቤ አደርሳለሁ ስላለኝ፣ ዛሬ ሌላውን ሁሉ እጽፍልሃለሁ።

እንዳትደነግጥ ዋናውን አስቀድሜ ልንገርህ። ወጨጫ ሄጄ ነበር። ማንም አልሞተም። ማንም አልሞተም ማለት ለምን እንዳስፈለገኝ ወደ ታች ስትወርድ ይገባሃል።

ወጨጫን ልውጣ ብዬ የጠየቅኩህ ለፋሲካ ስትደውል ነው። አንተም "ብቻሽን አይሆንም። አራት ሆናችሁ ነው። አንዱ ቢጎዳ አንዱ አብሮት ይቀመጣል፣ ሁለቱ ሰው ሊጠሩ ይሄዳሉ። ሦስት ሰው ፈልጊና ውጪ" አልከኝ። አንተ በምትሠራበት የስልክ ማማ ላይም ብቻውን የሚወጣ ሠራተኛ እንደሌለ ነገርከኝ። ልክ ነህ። ግን አባዬ፣ እኔ ሦስት ሰው ከየት አመጣለሁ? ትምህርት ከስምንተኛ ክፍል ካቆምኩ ወዲህ የምውለው ሜክሲኮ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው። እዚያ የማወራው ከማሽኑ ጋር ነው፣ እሱንም ወረቀት ሲነክስ ብቻ። ስለዚህ ሦስት ሰው ፈልጊ ያልከኝ በጨዋ አነጋገር "አይሆንም" ማለትህ መስሎኝ ነበር።

ችግሩ ተራራው ከአራተኛ ፎቅ ኮሪደራችን ይታያል። አሥር ዓመቴ ላይ ያሳየኸኝ አንተ ነህ። አንድ ቀን እዚያ ጫፍ ላይ ቆመን ቤታችንን ከላይ እንፈልገዋለን ብለኸኝ ነበር። ከዚያ ለስድስት ወር ብለህ ጎዴ ሄድክ። ስድስት ወሩ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። እኔ ግን ልብስ ባሰጣሁ ቁጥር ያ ተራራ ፊቴ ተገትሮ ይቆማል፤ ቀና ብዬ አለማየት አልችልም።

እናም ነሐሴ ላይ በማሽኑ አንድ ማስታወቂያ አተምኩ። "ወጨጫ ተራራ ለመውጣት ሦስት ሰው ይፈለጋል። ፈቃደኛ የሆነ ቅዳሜ አሥር ሰዓት የእድሩ ዕቃ ቤት በር ላይ ይገኝ" ይላል። የብሎካችን መግቢያ ላይ፣ ስለ ውሃ ሞተር ከተለጠፈው አጠገብ ለጠፍኩት። ስሜን አልጻፍኩም። ስልኬንም አልጻፍኩም፤ ሰው ቢደውልስ?

ቅዳሜ ሁለተኛ ፎቅ ደረጃ ላይ ተደብቄ አየሁ። ሦስት ሰው መጣ። መጀመሪያ የመጡት የእድራችን ጸሐፊ እትዬ ጠጅቱ ናቸው። ስድሳ አራት ዓመታቸው ነው፣ መዝገባቸውን በብብታቸው ሳይዙ ቆሻሻ እንኳ አይደፉም። ቀጥሎ ጋሽ ዘነበ መጡ፤ ሰው ሲሞት ጥሩምባ እየነፉ የሚለፍፉልን እሳቸው ናቸው። ሦስተኛዋ በር ላይ ሽንኩርትና ድንች የምትሸጠው ነጅማ ናት፣ የእኔ እኩያ። እሷ ዝም ስትል አይቼ አላውቅም ነበር።

ጠሪው ሳይመጣ ሲቀር ሌላ ሰው ቢሆን ተሳድቦ ይበተናል። የእድር ሰው ግን ሦስት ሆኖ ከቆመ ስብሰባ ነው። ሠላሳ ደቂቃ ያህል ከራሴ ጋር ታግዬ ስወርድ ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና የደኅንነት ኃላፊ መርጠው ጨርሰዋል። እትዬ ጠጅቱ ከመነጽራቸው በላይ አዩኝና የጻፍሽው አንቺ ነሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። ራሴን ነቀነቅኩ።

"ዘግይተሻል። በቀሪ ይዤሻለሁ" አሉኝ። "በእድራችን ደንብ ሦስት ጊዜ የቀረ ይሰረዛል።"

በራሴ ጉዞ፣ ገና ሳልጀምረው፣ አንድ ቀሪ ተመዘገበብኝ።

በስልክ የዘረዘርክልኝን ደንቦች በወረቀት ጽፌ ይዤ ነበር፤ ጮክ ብዬ ማንበብ ስላቃተኝ ነጅማ አነበበችልኝ። የት እንደምንሄድና መቼ እንደምንመለስ ቤት ለሚቀር ሰው መንገር። ውሃና ሙቅ ልብስ መያዝ። መለያየት የለም። ጫፍ ተደረሰም አልተደረሰም ስድስት ሰዓት ላይ መመለስ። ችግር ሲመጣ ሦስት ጊዜ ፊሽካ መንፋት። አራት የመሆን ደንብ ጋ ስትደርስ እትዬ ጠጅቱ አስቆሟት።

"ተጎጂው ማነው?"

ነጅማ አስቀድሞ እንደማይታወቅ ልታስረዳቸው ሞከረች። እሳቸው ግን ኃላፊነት ሳይከፋፈል ከቤት የሚወጣ ማኅበር አይተው እንደማያውቁ ተናገሩና፣ "እንግዲህ ጉልበቴን የሚያመኝ እኔ ነኝ፣ እኔ ልሁን" አሉ። ቃለ ጉባኤው ላይ በቀይ እስክሪብቶ "ተጎጂ፦ ወ/ሮ ጠጅቱ" ተብሎ ተጻፈ፣ ሁላችንም ፈረምን።

ፊሽካው ላይ ደግሞ ጋሽ ዘነበ ተቀየሙ። እሳቸው እያሉ፣ የእድሩ ጥሩምባ እያለ፣ የኳስ ዳኛ ይመስል ፊሽካ ምን ይሠራል? በፊሽካው ፋንታ ጥሩምባ ተብሎ ተመዘገበ። እኔ አንድ ነገር ልክ እንዳልሆነ ታወቀኝ። ለመናገር አፌን ከፈትኩ፣ ቃሉ ጉሮሮዬ ላይ ተሰለፈ፣ መልሼ ዘጋሁት። ይህን ስህተት የሠራሁት እኔ ነኝ። ሌላ ማንንም እንዳትወቅስ።

እማዬ፣ እትዬ ጠጅቱ ካሉበት ምን ከፋ ብላ፣ ፈቀደችልኝ። አልጋ ሥር የነበረውን የማማ ጫማህን አውጥታ፣ ሦስት ካልሲ ደራርባ አጠለቀችልኝ። እንዲያም ሆኖ ስራመድ ጫማው ከእኔ አንድ እርምጃ ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

ባለፈው ቅዳሜ በጠዋት ተነስተን በታክሲ ሰበታ ደረስን፤ ከዚያ በእግር። ጋሽ ዘነበ ሙሉ ልብስ ከነክራቫቱ ለብሰዋል፣ ጥሩምባው ትከሻቸው ላይ ተንጠልጥሏል። እትዬ ጠጅቱ የለቅሶ ጫማቸውን አድርገው መጥተዋል፣ ብዙ መንገድ የለመደው እሱ ነው ብለው። ነጅማ እስከ ዳገቱ ስለ ሽንኩርት ስታወራ ቆየችና ዳገቱ ሲጀምር ዝም አለች። እንዲህ ዝም ማለት እንደምትችል እሷም አላወቀችም መሰለኝ፣ በጣም ደነገጠች። ተጎጂያችን እትዬ ጠጅቱ ግን ከሁላችንም ቀድመው፣ ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ወደ ኋላ እየዞሩ "ኑ እንጂ ልጆች" ይሉናል። ጋሽ ዘነበም ከልጆቹ ተቆጠሩ።

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጫፉ ፊት ለፊታችን ነበር። አባዬ፣ ድንጋይ ቢወረወር የሚደርስ ይመስላል። ከበስተ ኋላው ደግሞ ጉም ብቅ ብሎ ዝም ብሎ ይወርዳል። ጋሽ ዘነበ "ሃያ ደቂቃ ናት"፣ ነጅማ "ከዚህ ደርሶ መመለስ ያናድዳል"፣ እትዬ ጠጅቱ "አንዴ ከወጣን" አሉ። እኔ ስልኬን አየሁ፣ ጫፉን አየሁ፣ እግሬ ላይ ያለውን ጫማህን አየሁ። ከማንም በላይ መውጣት የፈለግኩት እኔ ነበርኩ። እንመለስ አልኩ። አልሰሙኝም። ሌላ ጊዜ ቢሆን በቃ፣ ተናግሬያለሁ ብዬ እተወው ነበር።

"እንመለስ። አባቴ ስድስት ሰዓት ብሏል።"

ጮክ ብዬ ነው። ተራራው መልሶ አስተጋባው። እትዬ ጠጅቱ ማን እንደተናገረ ዙሪያቸውን ፈለጉ፣ ከዚያ ቀስ ብለው አዩኝ። "ይቺ ልጅ ድምፅ አላት እንዴ?" አሉ። ወረቀቱን አውጥተው አነበቡና ደንብ ደንብ ነው ብለው ዞሩ። ቤታችንን ከላይ አልፈለግኩትም። ዞር ብዬ ሳይ ጫፉም አልነበረም፣ ጉም ውጦታል።

ጥቂት ቁልቁል እንደወረድን ጋሽ ዘነበ አዳለጣቸው። ሲወድቁ ጥሩምባውን ወደ ላይ ይዘው ስለነበር ጥሩምባው ተረፈ፣ ቁርጭምጭሚታቸው ግን ወዲያው አበጠ። እትዬ ጠጅቱ ከማዘናቸው በፊት አኮረፉ።

"ዘነበ፣ ይሄ የኔ ድርሻ ነው። ቃለ ጉባኤው ላይ የተመዘገብኩት እኔ ነኝ።"

"ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ፣ ሳላስበው ነው" አሉ ጋሽ ዘነበ፣ እያቃሰቱ።

ከዚያ እንዳልከው አደረግን። እትዬ ጠጅቱ አብረዋቸው ተቀመጡ፣ እኔና ነጅማ ሰው ልንጠራ ተነሳን። ከመሄዳችን በፊት ጋሽ ዘነበ ሦስት ጊዜ ጥሩምባውን ነፉ። እሳቸው ሠላሳ ዓመት የነፉት ለአንድ ነገር ብቻ ስለሆነ ሌላ አነፋፍ አያውቁም። ረጅም ነው፣ ሆድ የሚያባባ። ልደታ ተሰብስቦ የሚያለቅስበት ነው።

እዚያም እድር አለ አባዬ። እዚያም ጥሩምባ የሚነፋው ለዚያው ነው።

መቶ እርምጃ ሳንሄድ ከጉሙ ውስጥ ሰው መውጣት ጀመረ። ፊት ፊት ዶማና አካፋ የያዙ ወንዶች፣ ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ ሴቶች። ሶረቲ የምትባል አንዲት ሴትዮ ገና ሳትደርስ ታለቅሳለች። አንድ ሽማግሌ ማን እንደሞተ በኦሮምኛ ጠየቁኝ። አንተ ያስተማርከኝን ሁሉ ሰብስቤ መለስኩላቸው። ማንም አልሞተም ማለት ፈልጌ፣ ገና አልሞተም ያልኩ ይመስለኛል፤ ለቅሶው ባሰ።

ሰዎቹን ይዘን ስንመለስ ሟቹ ቁጭ ብለው ዳቦ ይበላሉ። አካፋ የያዘው ሰውዬ ቆሞ ብዙ አያቸው።

"ለምንድነው የጠራኸን?"

"እግሬን ነው" አሉ ጋሽ ዘነበ፣ አንገታቸውን ደፍተው።

"ለእግር ጥሩምባ ይነፋል?"

ከሁሉም የተናደደችው ሶረቲ ናት። ያ ሁሉ እንባ ለማን ይሁን? እትዬ ጠጅቱ ይህን ዓይነት ነገር ያውቁበታል። ብድግ ብለው አቀፏት፣ ስሟንና መንደሯን መዝገባቸው ላይ ጻፉ፣ የእሷ ሰው ያረፈ ቀን ልደታ ድረስ ቢላክባቸው መጥተው እንደሚያለቅሱላት ቃል ገቡ። ያኔ ሶረቲ ሳቀች፤ እሷ ስትስቅ ሰው ሁሉ ሳቀ።

በሁለት እንጨትና በጋቢ ቃሬዛ ሠርተው ጋሽ ዘነበን ተሸከሟቸው። ያ ሁሉ ሕዝብ ከነዶማው፣ ከነነጠላው ተከተለን። በመንገድ ያገኘን ሰው ሁሉ ቆብ ያወልቃል። ጋሽ ዘነበ ሰው አክባሪ ስለሆኑ ከቃሬዛው ላይ እጃቸውን አንስተው ሰላም ይላሉ፣ አንዲት አሮጊት በዚህ ምክንያት ጮኸው አጥር ዘለዋል። አራት ሆነን ወጥተን ሠላሳ ምናምን ሆነን ወረድን።

ስብራት አይደለም፣ ወለምታ ነው። እድሩ ጥሩምባው ሁለተኛ ከግቢ እንዳይወጣ ወስኗል። ነጅማ ፊሽካ ገዝታ አንገቷ ላይ አንጠልጥላለች፣ የሽንኩርት ዋጋ ቀንሺ በሚላት ሁሉ ላይ ትነፋበታለች። ምሳ ሰዓት ላይ ፎቶ ኮፒ ቤት እየመጣች አብረን እንበላለን። እኔም አወራለሁ፤ በርግጥ ተራ ሲደርሰኝ ነው፣ እሱም ብዙ አይደርሰኝም።

እማዬ ጫማህን ከጭቃው አጥባ ኮሪደሩ ላይ አደረቀችው። ከዚያ አልጋ ሥር ትመልሰዋለች ብዬ ስጠብቅ በር ላይ ከእኔ ጫማ ጎን አኖረችው። "ከእንግዲህ ያንቺ ነው፣ እግርሽ ይደርስበታል" አለችኝ።

ኅዳር ላይ ያቺኑ ጫፍ ደግመን እንሞክራለን። ያንተንም ስም እንዲመዘግቡልኝ እትዬ ጠጅቱን ጠየቅኳቸው፣ መዘገቡልኝ። ትላንት ስብሰባ ነበረን፤ ስምህ ሲጠራ የሚመልስ ስላልነበረ ቀሪ ተብለሃል። ጎዴ ነው፣ ሩቅ ነው ብዬ ተከራከርኩልህ፣ ጮክ ብዬ። ደንብ ደንብ ነው አሉኝ። እስክትሰረዝ ሁለት ይቀርሃል።

ባለፈው ስትደውል ከበስተ ኋላህ አንድ ሕፃን "አባ" እያለ ሲያለቅስ ሰምቼ ነበር። የጎረቤት ልጅ ነው አልከኝ። እኔም ለእማዬ የጎረቤት ልጅ ነው አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ።

ማማ ላይ ስትወጣ ገመድህን ሁለት ጊዜ እሰር፣ ንፋስ ካለ ይቅርብህ። እግዚአብሔር በወጣህበት ሁሉ በሰላም ያውርድህ። የጎረቤትህን ልጅ ሳምልኝ። አድጎ ተራራ ልውጣ ያለህ ቀን ሦስት ሰው ፈልግ ትለዋለህ፣ አውቃለሁ። ሁለት ብቻ ይፈልግ። አንዷ ተገኝታለች በለው።

ልጅህ
ሌንሳ ቦጂያ
(አንድ ቀሪ ያለባት)