ለአባባ ደምሴ የተነሳው አዳራሽ

ሰኞ

ነገሩ የተበላሸው ፊልሙ አልቆ ስሞች መውጣት ሲጀምሩ ነው። «ደራሲና አዘጋጅ፦ ብሩክ» አለ። «ቀረጻ፦ ብሩክ» አለ። እኔ መጨረሻ ላይ፣ አግዳሚ ካዋሱን የዕድር ዳኛ ቀጥሎ፣ «ልዩ ምስጋና» ከሚለው ሥር ተገኘሁ። ትዕግሥት። የአባቴ ስም እንኳ የለም።

ሰው አጨበጨበ። እጄ ከልማድ አብሮ ማጨብጨብ ጀምሮ ነበር። አቆምኩት።

ንዴት ሳያዛባብኝ በቅደም ተከተል ልጻፈው። ብሩክና እኔ ዩኒቨርሲቲ አብረን ነበርን፤ እሱ ኮምፒውተር፣ እኔ ቴአትር። ወደ ከተማችን መሐል ሜዳ ተመልሰን የአባቱን የድሮ እህል መጋዘን ፊልም ቤት አደረግነው። ፕሮጀክተሩ የእሱ ነው። መስኮቶቹን በማዳበሪያ ከረጢት የደፈንኩት፣ አቡጀዲ ሰፍቼ ስክሪን ያደረግኩት እኔ ነኝ። ይህ የመጀመሪያው የፊልም ሳምንታችን ነው፤ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ አንድ ፊልም። ከዋናው ፊልም በፊት የእኔ አጭር ፊልም በመክፈቻነት ይታያል። ጎረቤታችን አባባ ደምሴ ከበግ ጠጉር ባና ሲሠሩ። ባለፈው ሁዳዴ አረፉ።

ካሜራውን ሠርግ ከሚቀርጽ ሰው ተውሼ መልሻለሁ። ጥሬው ቅጂ ያለው ብሩክ ኮምፒውተር ውስጥ ብቻ ነው። ቅዳሜ ከአዲስ አበባ ፊልም የሚመርጥ እንግዳ ይመጣል፤ የመረጠው ፊልም ከነሠሪው አዲስ አበባ ይሄዳል። ብሩክ ለምን እንደቸኮለ ግልጽ ነው።

ሌላም ነገር ነበር። አባባ ደምሴ በፊልሙ ውስጥ በር ከፍተው ሲገቡ አዳራሹ በሙሉ ብድግ አለ። «ኖር!» አሉ። ለአቡጀዲ! ወዲያው በራሳቸው ሳቁ። ከሳቁ ሥር ግን አንድ የሽማግሌ ድምፅ «በእግዜር» ሲል ሰማሁ። ማን እንደሆነ አላየሁም።

ማክሰኞ

ጠዋት ብሩክን በር ላይ ያዝኩት።

«አዳራሹ የማነው? ማሽኑስ? ያቀናበረውስ?» አለኝ።

«የቀረጸውስ?»

«ስምሽ ትዕግሥት ነው። ትንሽ እንኳ አትመስይውም?» ብሎ ሳቀ። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ሴት ልጅ ካሜራ ተሸክማ በየሰው ቤት ዞረች ከሚባል ለእኔም እንደሚሻል ነገረኝ። ለእኔ አስቦ ነው ለካ!

ፊልሙን ደግሜ አየሁት። ያን ቀን መደብ ላይ ቁጭ ብዬ የሸማኔ ጉድጓዱን እየቀረጽኩ ሳለ አባባ ከውጭ ገቡ። ተነሳሁ፤ ምስሉም አብሮኝ ተነሳ። «ኖር አባባ» ያልኩት ድምፄ እዚያ ላይ ነበር። አጥፍቶታል። ከእኔ ድምፅ ጋር የእሳቸውም መልስ ጠፍቷል። ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ምንም አይሰማም።

ታዲያ ትናንት የመለሰው ማነው?

ዛሬ ከስክሪኑ ጀርባ ቆሜ ጠበቅኩ። በጨርቁ በኩል አባባ ግራና ቀኛቸው ተገልብጦ ገቡ። ከወዲያ በኩል ሰዉ ሁሉ ሲነሳ አግዳሚው ተንጓጓ። «ኖር!» ዛሬ ማንም አልሳቀም።

«በእግዜር።»

ከጨርቁ አልነበረም። ከሰዎቹ መካከል ነው።

ረቡዕ

በረዶ። ቆርቆሮው እንደ ነጋሪት ተመታ። የዕለቱ ኮሜዲ አንድ ቃል አልተሰማም፤ ሰው አፍ እያየ ሳቀ። «በእግዜር» ግን ተሰማ። ያን ሁሉ ጩኸት አልፎ እንዴት እንደተሰማ አልገባኝም። አጠገቤ የነበረች መምህርት ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «አንቺም ሰማሽ?» አለችኝ። አልሰማሁም አልኳት። ለምን እንደዋሸሁ እንጃ።

አንድ ትንሽ ድል፦ በር ላይ ባለው ማስታወቂያ በቀይ ቀለም «ቀረጻና ዝግጅት፦ ትዕግሥት» ብዬ ከነአባቴ ስም ጻፍኩ። ማታ ስመለስ ወረቀት ተለጥፎበታል። ወረቀቱ ላይ ደግሜ ጻፍኩ።

እናቴ የጣቴን ቀለም አይታ «ስምሽን የምትጽፊው ካሳ እንዲከፍሉሽ ነው ወይስ እንዲፈሩሽ?» አለች። ሁለቱም ቢሆን አልጠላም።

ሐሙስ

የአባባ ደምሴ ባለቤት እማማ ጥሩነሽ ከሰኞ ጀምሮ አልቀሩም። ፊት አግዳሚ ላይ ይቀመጣሉ። አጠገባቸው ያለውን ቦታ ማንም አይደፍረውም። ክፍት ይሁን ያለ ሰው ግን የለም። አዳራሹ ሞልቶ ሰው ቆሞ እያየ፣ ያ ቦታ ባዶ ነው።

ዛሬ ፈቃድ ጠይቄ ከባዶው ቦታ ወዲህ ተቀመጥኩ። ከንፈራቸውን ልጠብቅ ነበር ሐሳቤ። እሳቸው ቢሆኑስ? ሐዘን ድምፅ ይለውጣል።

አባባ ገቡ። ሁላችን ተነሳን። እማማ ጥሩነሽ ግን አልተነሱም፤ አፋቸውም ግጥም እንዳለ ነው። «በእግዜር» የሚለው ከመካከላችን መጣ። የእርጥብ በግ ጠጉር ሸተተኝ። ዝናብ ነበር፣ ሰው ሁሉ ባና ለብሷል፤ ይህን ለራሴ ደጋግሜ ነገርኩት።

ሲያልቅ እጃቸውን ይዤ ወጣን። «እማማ፣ እርስዎ ሰሙ?»

«ምን ያስደንቃል ልጄ? እሱ ሰው ተነስቶለት ዝም ብሎ የሚገባ ሰው ነበር?»

«እርስዎስ ለምን አልተነሱም?»

«ለባሌ?» ብለው ገላመጡኝ። «አርባ ዓመት አብሬው ተቀምጬ ዛሬ ልነሳለት?»

ሳቅኩ። ቤት እስክደርስ ድረስ ግን ወደኋላ አልዞርኩም።

ዓርብ

ጉም። ከቤት ወደ ቤት መተያየት የለም። ሰው ከቅዳሴ በቀጥታ ወደ ቤቱ ገባ፤ አዳራሹ ውስጥ የቀረነው ብሩክና እኔ ብቻ ነን። በር በተከፈተ ቁጥር ጉሙ ይገባል፤ የፕሮጀክተሩ ብርሃን በመካከላችን እንደ ነጭ ግድግዳ ቆመ።

«ዝጋውና እንሂድ» አልኩት።

«ለነገ ልሞክረው» ብሎ ከፈተው።

አባባ ገቡ። ተነሳሁ። እልህም ይሁን ልማድ፣ ጉልበቴ አልጠየቀኝም። ድምፅ አላወጣሁም። ብሩክ አልተነሳም።

«በእግዜር» አለ ድምፁ። ቅርብ ነበር። የደከመ ነበር።

ብሩክ ማሽኑን አጠፋ። «አንቺ ነሽ! ስልክሽን የሆነ ቦታ ደብቀሽ ነው!»

ስልኬ ቤት ነው የቀረው። ኪሴን ገልብጬ አሳየሁት፤ መክፈቻና ተበልቶ የተረፈ ቆሎ። አግዳሚዎቹን ሁሉ ጎንበስ ብሎ ፈለገ። እማማ ጥሩነሽ ከሚቀመጡበት አጠገብ ያለው ባዶ ቦታ ጋ ሲደርስ እጁን ሰደደና መልሶ ሳበ። ምን እንደነካ አልነገረኝም። እኔም ሄጄ አላየሁም።

ያኔ ስሜን እንዲመልስ ብጠይቀው እሺ ይለኝ ነበር። ሰው በፈራ ሰዓት የሚሰጠውን አልፈለግኩም። ጥፋት ይሁን አይሁን ነገ አየዋለሁ።

ቅዳሜ

እንግዳው መጣ። ጎልማሳ፣ ረጋ ያለ፣ ጫማው በጭቃችን ተበላሽቶ ያልተማረረ። መሐል ላይ ተቀመጠ። ሰው እስከ በሩ ሞልቷል።

አባባ ገቡ፣ አዳራሹ ተነሳ፣ «ኖር» ተባለ። እንግዳውም ግራ ገብቶት ተነሳ። ፊልሙ ሲያልቅ ብሩክን ወደፊት ጠሩት።

«ሽማግሌው ሲገቡ ምስሉ ለምን ከፍ ይላል?» አለ እንግዳው።

«የካሜራው ማቆሚያ ተንሸራቶ ነው።»

ከኋላ አንድ ሰው «ወደ ላይ የሚንሸራተት ማቆሚያ ለእኛም አምጣልንና፣ ዳገቱን እንውጣበት!» አለ። ሳቅ ሆነ። ብሩክ ቀላ።

እንግዳው እያስታገሰ፣ «ብቻ ድምፁ ግሩም ነው» አለ። «በእግዜር ሲሉ ከኋላዬ የቆሙ ነው የመሰለኝ። እንዴት ብለህ ቀዳኸው?»

«እሱን ድምፅ እኮ አጥፍቼዋለሁ!» አለ ብሩክ። ጮኸ ማለት ይሻላል።

እንግዳው ወደ ብሩክ ዞረ።

«ለምን አጠፋኸው?»

ብሩክ ወደ ባዶው ቦታ አየ። «የትዕግሥት ድምፅ አብሮ ስላለበት» አለ።

ከዚያ በኋላ ያለውን እኔ አልተናገርኩም። መናገር አላስፈለገኝም። እንግዳው ጥሬው ይከፈት አለ፣ ተከፈተ። ጨለማው ውስጥ የራሴ ድምፅ «ኖር አባባ!» አለ። አባባ ደምሴም «በእግዜር። ቁጭ በይ ልጄ፣ ሥራሽን ሥሪ» አሉ። እማማ ጥሩነሽ አለቀሱ። እኔም።

ግን ይህን ልጻፍ፣ ለማንም አልነገርኩምና። ጥሬው ላይ ያለው ድምፅ ወፍራምና ጤነኛ ነው። ሳምንቱን በሙሉ የሰማነው ደግሞ የከሳ ነበር፤ ሁዳዴ ላይ ልጠይቃቸው ስሄድ፣ ከመኝታቸው ሆነው ያናግሩኝ የነበረው። ያንን ድምፅ ማንም አልቀረጸውም።

እንግዳው ሲወጣ፣ ፊልሙን እንደሚፈልገው፣ ክርክር ያለበትን ሥራ ግን እንደማይወስድ ነገረን። ሰኞ ይደውላል። ከሁለታችን አንድ ቃል ይፈልጋል።

እሁድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የብሩክ አባት ጋሽ ተክሌ ከዕድሩ ዳኛ ጋር መጡ። ተነስቼ ወንበር ሰጠሁ።

«የሁለታችሁም ስም ይግባ» አሉ ጋሽ ተክሌ፤ «የእሱ ይቅደም። ለሰላም ስትይ። ስም አይበላም ልጄ።»

«የማይበላ ከሆነ ልጅዎ ለምን ወሰደው?»

እናቴ ከኋላ ቆነጠጠችኝ። የዕድሩ ዳኛ ሳላቸውን ሳሉ፤ ሳቅ ነበር። ጋሽ ተክሌ ግን አልሳቁም። እንቢ ካልኩ መጋዘኑን መስከረም ሳይጠባ መልሰው እህል እንደሚያስገቡበት ነገሩኝ። ብሩክም ለእንግዳው ፊልሙ የራሱ ነው ብሎ እንደሚናገር። እንደሚያደርጉት አልጠራጠርም።

ብዙ አሰብኩ ብል ውሸት ነው። እንቢ አልኩ። በጨዋ ቃል፣ «ይቅርታ ጋሼ» ብዬ። በሩ ድረስ ሸኘኋቸው።

ነገ ስልኩ ሲደወል ምን እንደሚሆን አላውቅም። ፊልም ቤት የሌላት፣ ፊልምም የሌላት ልሆን እችላለሁ። እናቴ ከሰዓት ጀምሮ አላናገረችኝም፤ አሁን ግን ሳልጠይቃት ቀዩን ቀለም አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣ ወጣች።

ለሰላም ስትይ ሲባል የሚቆረጠው ሁልጊዜ የእኔ ድርሻ ነው። ከልፋቴ፣ ከውርሴ፣ አሁን ደግሞ ከዓይኔና ከድምፄ። እንዲህ ያለውን ሰላም ከእንግዲህ አልቀበልም።