ቀላድ የመሰለ ገመድ

ኅዳር ፯፣ ሥላሴ። ጧት።

ገብሱ ታጭዶ አለቀ። ወገቤ አልቀና ብሏል። ቦራ በሬዬ ጭዱን ትቶ በአጥሩ ቀዳዳ መስኩን ያያል። እኔም አያለሁ። የአባቴ መስክ። አሁን የጎረቤቴ የግራዝማች እንግዳው መስክ፤ በሐሰት ምስክር ረትቶ የወሰደብኝ። ሣሩ ጉልበት ይደርሳል። የሱ ላሞች ይንደባለሉበታል።

አንቺ ደብተር፣ ታገሺኝ። ሚስቴ አለሚቱ ከሞተች ወዲህ የሚያዳምጠኝ የለም። ፊደል የቆጠርኩ ዳዊት ለመድገም ነበር። ላንቺ ይበቃል።

መምህር ጌትነት ከንፋስ መውጫ ት/ቤት መጥቶ ወሬ ነገረኝ። ከአዲስ አበባ አንድ ሹምና አንድ ፈረንጅ መጥተዋል አለ። ራግቢ የሚባል ጨዋታ ለአገሩ ሁሉ ጎረምሳ የሚያስተምሩበት ሰፈር ሊቆረቁሩ ነው። ስማዳን አይተው ገደል በዛበት ብለው ትተውታል። እስቴ መካነ ኢየሱስን ወደዋል። የቀረነው እኛ ነን። ደጋ ላይ የሮጠ ትንፋሹ ይረዝማል ይላል አሉ ፈረንጁ።

ኳሱ ክብ አይደለም፤ እንደ እንቁላል ነው። በእጅ አቅፈው ይሮጣሉ፣ ያቀፈውን ይዞ መሬት ላይ መጣል ነው። ለዚህ ትምህርት ምን ያደርጋል አልኩት። አንድ የጋይንት ሠርግ ላይ አምጣቸው። መምህር እስኪያስለው ሳቀ።

ኅዳር ፱።

ግ/ማች በበቅሎው በደጄ አለፈ። እንደምን አደርክ አለኝ። አንገቴን አላዞርኩም። ድሮ አንቱ እለው ነበር። ከችሎቱ ወዲህ አንተ ነው።

ሣሩን በእሳት ልለቅበት ስንት ጊዜ አስቤአለሁ። ክብሪቱም አለ። ግን የአባቴ ሣር ነው። እጄ አይታዘዝም።

መስኩን ብቻ ቢወስድ ምን ነበር። ክረምቱን ሙሉ በቀጠሮ ያመላለሰኝ እሱ ነው። ምስክሬ ታመመ፣ ወንዝ ሞላ፣ በቅሎዬ ጠፋች። እኔ ደ/ታቦር ችሎት ደጅ ዝናብ ስጠጣ አለሚቱ እዚህ ብቻዋን ሞተች። የደረስኩ ለአርባዋ ነው። አፈር እንኳ አላለበስኳት። ይኸን ለማን ልክሰሰው። የትኛው ዳኛ ያየዋል።

ኅዳር ፲፪፣ ሚካኤል። ከቀትር በኋላ።

ብዕሬ ይቸኩላል። ከደስታ ነው። ቀስ ብዬ ልጻፈው።

ከቅዳሴ ወጥተን ሕዝቡ ገና አልተበተነም። ሹሙ፣ ፈረንጁ፣ መምህር ጌትነት መጡ። ፈረንጁ ቀጥ ብሎ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጅ ፊት ወዳለው የአባቴ መስክ ገባ። በእግሩ ረገጠው፣ ሣሩን ነጨ፣ አሸተተው። ከከረጢቱ ገመድ አወጣና ችካል መትቶ መዘርጋት ጀመረ።

ሕዝቡ ክው አለ። ቀላድ! ለግብር መሬት የሚለካበት ገመድ። ኳስ ነው ቢባል ማን ያምናል። ለኳስ ብሎ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሹም አለ? መንግሥት ቀላድ ሲያመጣ መቼ ቀላድ ነው ብሎ ያውቃል። ከተለካ ወዲያ በስሙ የተጻፈበት ሰው ግብሩ እስከ ልጅ ልጁ ነው። አንዱ ካንዱ ጀርባ ይደበቅ ገባ።

ሹሙ መስኩ የማን ነው አለ። ደግሞ ጠየቀ። ሁሉም ግ/ማችን ያያል፤ ግ/ማች ገመዱን ያያል። አልቦታል። ከዚያ እጁን ዘረጋና እኔን አሳየ።

«የኔ አይደለም፣ ጌታዬ። የአያ ፈንቴ ነው፤ የአባቱ ርስት። እኔ ሣሩን ብቻ ነው የማጭድ።»

ሹሙ እርግጥ ነው ወይ አለው።

«ሚካኤል ይመስክር።»

በሚካኤል ቀን። በሚካኤል ደጅ። ካህኑም ምእመኑም ቆሞ እየሰማ።

ሹሙ ወደኔ ዞረ። እኔም ገመዱን ፈርቻለሁ፣ ለምን ልዋሽሽ። ግን አፌ ቀደመኝ። አዎ፣ የኔ ነው አልኩ። ከኋላዬ አንዷ ሽማግሌው አበደ አለች።

ያኔ መምህር ጌትነት ድምፁን ከፍ አድርጎ አስረዳ። ቀላድ አይደለም፤ የጨዋታው ሜዳ ይበቃ እንደሆን ነው የሚለካው አለ። ግ/ማችን አየሁት። ፊቱ አመድ መሰለ። ሊናገር አፉን ከፈተ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከደነው።

አለሚቱን! ምነው በኖርሽ።

ኅዳር ፲፫።

ቦራን ለቀቅኩት። መስኩ መሀል ገብቶ ጋጠ። የከለከለኝ የለም። የግ/ማች እረኞች ላሞቹን ሰብስበው ወጡ።

ቆሜ አየሁ። ሆዴ የሚሞላ መስሎኝ ነበር። አልሞላም። ሣር ነው።

ሹሙ ልኮብኛል። ፈረንጁ መስኩን ወዶታል። እሰጣለሁ ካልኩ ሰፈሩ እዚህ ይቆረቆራል፤ አልሰጥም ካልኩ ወደ እስቴ ይሄዳሉ፣ መስኩም ለኔ ይቀራል። የጽዮን ማግሥት ን/መውጫ መጥቼ ቃሌን እንድሰጥ።

ምን ቸገረኝ። አልሰጥም። በሬዬ ይጋጥ።

ማታውን።

አይ። ደግሞ አሰብኩት። ልጅ የለኝም። እኔ ስሞት መስኩ ለማን ነው? ዘር ተቆጥሮ ለወገን። ወገን ማን ነው? እኔና ግ/ማች እንግዳው አራተኛ ቤት ላይ እንገናኛለን፤ ችሎት የገባውም ያንኑ ቆጥሮ ነው። እኔን ቀብሮ በሰልስቱ ላሞቹን ይነዳል። መጠበቅ ብቻ ነው ያለበት። እኔ ሰባ አልፌአለሁ።

እንቅልፍ እንቢ አለኝ።

ኅዳር ፲፱።

መጣ። ድንጋይ ተሸክሞ። አባ ሰይፈ፣ የነፍስ አባቴ፣ ሁለት ሽማግሌ አስከትለው ከፊት ናቸው። ግ/ማች ደጄ ላይ ተንበረከከ።

ድንጋዩን አየሁት። አነስተኛ ነው። ከድንጋይም መርጧል።

ቶሎ ተነሣ አላልኩትም። ቦራን ውሃ አጠጣሁ፣ በረቱን ጠረግሁ፣ ተመለስኩ። እንደተንበረከከ አለ።

አባ ሰይፈ ተናገሩ። የአንድ ዘር ልጆች ናችሁ፤ ፈረንጁ ወደ እስቴ ይሂድ፤ መስኩን እኩል ተካፈሉ፤ ዕብድ መንጋ ከያገሩ ተሰብስቦ በርስታችሁ ላይ አይራገጥ አሉ። ደግ ነገር ነው። ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ።

ግ/ማች ከድንጋዩ ሥር፣ «አያ ፈንቴ፣ ስለ ሚካኤል ብለው» አለኝ። አንቱ አለኝ ዛሬ።

«ሚካኤልን ምስክር አድርገህ ጠርተኸዋል። አሁን ምስክርህን ላሳብለው?»

አንደኛው ሽማግሌ ሳቁን በጋቢው አፈነ።

ድንጋዩን ከጫንቃው አወረድኩለት። በሥርዓቱ። ይቅር ለእግዜር አልኩ፣ ተሳሳምን። የመስኩን ነገር ግን ላስብበት አልኩ። ሊወጡ ሲሉ አባ ሰይፈ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ።

«ልጄ፣ ይቅርታህ ጥርስ አለው።»

እውነታቸውን ነው። ምሳዬን አልበላሁም። ጾምም ስለሆነ።

ኅዳር ፳፩፣ ጽዮን።

ከቤ/ክ ስመለስ መምህር ጌትነትን አገኘሁት። ስለ ጨዋታው ጠየቅሁት። በዱላው አፈር ላይ ሣለልኝ። በሜዳው በሁለቱም ጫፍ ሁለት ሁለት ረጃጅም ግንድ ይቆማል፤ በመካከሉ አንድ አግዳሚ። ኳሱን በላዩ ማሳለፍ ነው። መስቀያ ነው የሚመስለው አልኩት። ሰው አይሰቀልበትም አያ ፈንቴ አለ።

አንዱ ጫፍ በስተምሥራቅ ነው። በስተምሥራቅ የግ/ማች ደጅ ነው።

ኳሱ አጥር ዘሎ ሰው ግቢ ይወድቃል ወይ አልኩት። ይወድቃል አለ። አልፎ አልፎ? አይ፣ ቀኑን ሙሉ አለ። ጎረምሶቹስ ይጮኻሉ? ገና ጎሕ ሲቀድ ይጀምራሉ አለ። ስንት ዘመን ይቆያል አልኩት። መንግሥት የያዘውን መቼ ይለቃል አለኝ።

ሽሮዬን ጥርግ አድርጌ በላሁ።

ኅዳር ፳፪። ሳይነጋ።

ን/መውጫ እሄዳለሁ። እሰጣለሁ። ሙሉውን፣ ለኔ ስንዝር ሳላስቀር። ከሰጠሁት ወዲያ ዘር የሚቆጠርበት ርስት አይደለም። ቦራ ጭዱን ይብላ። ለመደ። እኔም ለምጃለሁ።

አባ ሰይፈ ይቆጡኛል። ንስሐ ቢሰጡኝ እሰግዳለሁ። ሹሙን አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ፤ የምሥራቁን ሁለት ግንድ ከኔ ይውሰዱ።

ከጓሮ ባሕር ዛፍ አለ። አለሚቱ በሙሽርነቷ የተከለችው፣ ውሃ ከምንጭ እየተሸከመች ያሳደገችው። ሁለቱ ከሁሉም ይረዝማሉ። ቀጥ ያሉ ናቸው፣ እንደሷ። ለቤት ምሰሶ አልቆርጥም ብዬ ሠሥቼ ነበር። አሁን አልሣሣም። ግራዝማች በየጧቱ ደጁን ሲከፍት እሷ ቆማ ትቆየው። የሷን ቀጠሮ በምን ያራዝመዋል።

መጥረቢያው ተስሏል። ወፍ ጮኸ።