የእህቴን የቀኝ እግር እንዳታጸዱብኝ ስለመለመን

ለክቡር ሚስተር ሌላንድ ፎስዲክ
የታላላቅ ሐይቆች የጥንት ኅትመቶች ደረጃ መዳቢ ተቋም ዋና ዳይሬክተር
ባሉበት

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ የእርስዎንና የመላው ሠራተኞችዎን ጤንነት በአክብሮት እጠይቃለሁ። በተለይም ነጭ ጓንት አጥልቀው፣ አጉሊ መነጽር ይዘው፣ ቀኑን ሙሉ አንገታቸውን ደፍተው የእኛን የሽማግሌዎቹን የልጅነት ዕቃ የሚመረምሩት ባለሙያዎችዎ አንገታቸውን እንዳያማቸው ከልብ እመኛለሁ። እኔ ወገቤን ካልቆጠርነው በጣም ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በሰብሳቢዎች ማኅበራችን መጽሔት ላይ በግልጽ የማወጣው እርስዎን ላሳጣ አስቤ አይደለም፤ ወደ ተቋምዎ በደወልኩ ቁጥር የሚያናግረኝ ሙዚቃ ብቻ ስለሆነብኝ ነው። ሙዚቃው ጥሩ ነው፣ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን ጉዳዬን ሊያስፈጽምልኝ አልቻለም።

ከደንበኞችዎ ብዛት የተነሣ ካላስታወሱኝ፣ እኔ የቫን ወርት፣ ኦሃዮ ነዋሪው ኤልዉድ ክሩግ ነኝ። ጡረታ እስክወጣ ድረስ በረዶ የመታውን መኪና እየዞርኩ በማየት ለኢንሹራንስ ድርጅት የጉዳት ግምት ስሰጥ የኖርኩ ሰው ስሆን፣ የትኛው ጉዳት ጉዳት እንደሚባልና የትኛው እንደማይባል ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን አላምንም። ለምን እንደማላምን ለማስረዳት ነው ይህን ያህል ወረቀት የማባክነው።

እንደሚያውቁት እኔ የምሰበስበው «ጃርቱ ዊልበርት» የተባለውን የካርቱን መጽሔት ነው። ለማያውቁት አንባቢዎች ስል፣ ዊልበርት ፊኛ በመሸጥ የሚተዳደር ጃርት ነው። ጃርት ፊኛ ሲሸጥ ምን እንደሚሆን ለመገመት ብዙ መማር አያስፈልግም፤ በየእትሙ የሚሆነውም ያው ነው። ሰባውን ካለፍኩ ቆየሁ፣ ፊኛው ሲፈነዳ ግን ዛሬም እሥቃለሁ። ይህም አልበቃ ብሎኝ በተለይ የምሰበስበው የጫማ ቤቶች ለማስታወቂያ ብለው በነጻ ያደሏቸውን ልዩ እትሞች ነው። ውስጣቸው አንድ ነው፣ ልዩነቱ ጀርባቸው ላይ የታተመው የጫማ ቤቱ ስም ብቻ ነው። ምድር ቤቴ ውስጥ በመደርደሪያ ሙሉ አንድ ዓይነት ታሪክ አለኝ ማለት ነው። የአየሩን እርጥበት የሚለካ መሣሪያም ገዝቼላቸዋለሁ፤ እኔ በምተኛበት ክፍል ማሞቂያው ከተበላሸ ሁለት ክረምት አልፎታል።

ታናሽ እህቴ ዶርካስ መደርደሪያውን መጀመሪያ ያየች ዕለት «ኤልዉድ፣ ይኼ ሁሉ ያው ጃርት አይደለም እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ጃርቱ ያው እንደሆነ፣ ጫማ ቤቱ ግን እንደሚለያይ በትዕግሥት አስረዳኋት። «እንግዲያው አንተ ጃርት አይደለም የምትወደው፣ ሱቅ ነው» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ እጇን ሳትታጠብ ምድር ቤት እንዳትወርድ ከልክያት ነበር።

አሁን በእጅዎ ያለው መጽሔት የሽራደር የልጆች ጫማ ቤት እትም ነው። የዚህ እትም ክብሩ ጀርባው ላይ የእግር መለኪያ መስመር ስለታተመበት ነው። ዊልበርት ራሱ ከመስመሩ አጠገብ ቆሞ «እግርህን እዚህ አሳርፍ፤ አውራ ጣትህ ከመስመሩ ካለፈ ለእናትህ ንገራት» ይላል። በዚህ የተነሣ እስከ ዛሬ የተገኙት ቅጂዎች በጣት የሚቆጠሩ ከመሆናቸውም በላይ፣ ሁሉም የተረገጡ ናቸው። ያልተረገጠው የኢንዲያናው የቨርጂል ፕላንክ ቅጂ ብቻ ነው። ቨርጂል በልጅነቱ የጃርቱን ምክር ባለመስማቱ ዛሬ ከተቋምዎ ከአሥር ዘጠኝ ነጥብ ተሰጥቶታል፤ በየስብሰባውም ይህንኑ ሳይነግረን ምሳ አይበላም።

የእኔን ቅጂ የረገጠችው ዶርካስ ናት። አምስት ዓመቷ ነበር። ጫማዋ ጠቧት ስለነበር እናታችን አዲስ ልትገዛላት ወደ ሽራደር ወሰደችን፤ ከሱቁ ፊት ያለው መንገድ ደግሞ ገና ሬንጅ መፍሰሱ ነበርና፣ ጠባቡን ጫማ አውልቃ በእጇ የያዘችው ዶርካስ በባዶ እግሯ ሬንጁን እየረገጠች ገባች። ባለሱቁ መጽሔቱን ታላቅ ለሆንኩት ለእኔ ሰጠኝ፤ እሷ ግን ነጥቃኝ መሬት ላይ ዘረጋችና እንደታዘዘችው ቀኝ እግሯን አሳረፈችበት። አምስቱም ጣቶች ጥቁር ሆነው ቀሩ። ትንሿ ጣቷ ጎረቤቷ ላይ ወጥታ እንደነበር እንኳ እስከ ዛሬ ይታያል። እኔ እዬዬ አልኩ። መጽሔቴ ተበላሸ ብዬ ያለቀስኩበት ሱቅ ውስጥ ሰብሳቢ ሆኜ ነው የወጣሁት።

ባለፈው መከር ስኳር በሽታ የዶርካስን ቀኝ እግር ከጉልበቷ በታች አስቆረጠው። እንግዲህ ስለ ራሴ የምናገረው ይኸውልዎ፦ እሷ ሆስፒታል ተኝታ ሳለ እኔ ድመቷን እንድመግብ ቁልፍ ተሰጥቶኝ ነበር። ድመቷን መገብኩ። ከዚያም ቤቴ ሄጄ የሽራደርን እትም ሦስት ካርቶን ደራርቤ አሽጌ ወደ እናንተ ላክሁ። ዶርካስ ለዓመታት «በእኔ እግር ላይ ማንም ማርክ አይሰጥም» እያለች ስትከለክለኝ ኖራለች፤ የምትከለክለኝ ሰው አልጋ ላይ መሆኗ ምቹ ጊዜ መስሎ ታየኝ። ቨርጂል ፕላንክን አንድ ቀን ዝም የማሰኘት ተስፋ ሰውን ምን እንደሚያደርግ እርስዎ ከእኔ የተሻለ ያውቃሉ፤ የተቋምዎ ገቢ ከዚሁ ነውና።

ከዚያ የእርስዎ ደብዳቤ መጣ። «በጀርባ ሽፋን ላይ ምንጩ ያልታወቀ ከባድ የሬንጅ እድፍ» እንደተገኘ፣ ለነባር ደንበኞች በሚደረግ ልዩ አስተያየት ቤተ ሙከራችሁ እድፉን ያለ ክፍያ እንደሚያስወግደው፣ መጽሔቱም በደረቅ ፕላስቲክ ሲታሸግ ነጥቡ ከአራት ወደ ሰባት ተኩል ከፍ እንደሚል የሚያበሥር ነበር። ልቤ ቅቤ ጠጣ። በደስታ መኪናዬን አስነሥቼ ወደ ዶርካስ ቤት በረርኩ። እሷ ከሆስፒታል ወጥታ፣ የቀረውን እግሯን በርጩማ ላይ ዘርግታ፣ በተፈጨ ድንች ላይ ኑድል አድርጋ ትበላ ነበር። በሯ ላይ እንደቆምኩ ደብዳቤውን ድምፄን ከፍ አድርጌ አነበብኩላት። ሰባት ተኩል የሚለውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት።

ሹካዋን አስቀመጠች። «እድፍ ያሉት እግሬን ነው?» አለችኝ።

«እነሱማ በምን ያውቃሉ» አልኳት።

«አንተስ?»

ክቡር ዳይሬክተር ሆይ፣ እኔ ጉዳት በመገመት እንጀራዬን የበላሁ ሰው ነኝ ብዬዎታለሁ። ደብዳቤውን አጣጥፌ ኪሴ ከተትኩት። እሷ እንደ ልማዷ ቀልዱን ጀመረች፤ «ኦሃዮ ውስጥ የቀረኝ ቀኝ እግር እሱ ብቻ ነው፣ እሱንም ለሳሙና ሰጠህልኝ?» አለች። ሣቅሁ፣ እሷም ሣቀች፣ ከዚያ መሣቋን አቆመች። «ሐኪሞቹን የወሰዱትን የት አደረጋችሁት ብዬ አልጠየቅኳቸውም» አለችኝ፤ «ይኼኛውን ግን እጠይቃለሁ።» በዚያን ሰዓት ከሰባት ተኩል ይልቅ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ይለኝ ነበር።

ስለዚህ ቅሬታዎቼን በተቋምዎ ደንብ መሠረት በቁጥር ከፋፍዬ አቀርባለሁ።

1. የእድፉን ምንጭ አላወቅነውም ማለታችሁ አስደንቆኛል። ሬንጁን በአጉሊ መነጽር አይተው ከየትኛው ዓመት እንደመጣ ሊነግሩኝ የሚችሉ ባለሙያዎች አምስት ጣት ሲያዩ እግር መሆኑን አለማወቃቸው የትኩረታቸውን ጥልቀት ያሳያል። ምንጩ የታወቀ ነው። ዶርካስ ክሩግ ትባላለች፣ ከእኔ ቤት ሁለት መንገድ አለፍ ብላ ትኖራለች፣ ስልክም ታነሣለች።

2. ውለታውን አልጠየቅኩም። ሲሰጠኝ ደግሞ በደስታ መቀበሌን አልክድም፤ ይህ ቅሬታ በእኔም ላይ የሚቀርብ ስለሆነ ግማሹን ለእኔ ያድርጉልኝ።

3. የልጅ እግር እንዲያርፍበት ተብሎ የታተመ ወረቀት፣ የልጅ እግር ካረፈበት ነጥቡ የሚቀነስበትን ሕግ ማን እንዳወጣው ባውቅ ደስ ይለኛል። አላጉረመርምም፤ እኔ ራሴ ይህን ሕግ ለአርባ ዓመት ስሰብክ ኖሬያለሁ። በየጉባኤው የሰዎችን መጽሔት እያገላበጥኩ «ያሳዝናል፣ ተነቧል» ስል የሰሙኝ ብዙ ናቸው። አንዲት ሴት የወንድሟን መጽሔት ይዛ መጥታ ልጁ በእርሳስ ጢም የሣለበትን ገጽ ስታሳየኝ እንኳ ከንፈሬን የመጠጥኩት ለወረቀቱ ነበር። እንዲያውም በዚሁ ሕግ እኔን ብትመዝኑኝ ጀርባዬ የጎበጠ፣ ጠርዜ የተበላ፣ ማያያዣዬ የዛገ፣ ቀለሜም ወደ ቢጫ የሄደ ስለሆነ ከአሥር ሁለት የማገኝ አይመስለኝም። ከቨርጂል ፕላንክ ጋር ግን በዚህ እኩል ነን።

4. እንዳታሽጉት። ዶርካስ በጣቷ መንካት ትፈልጋለች። እጇን ሳትታጠብ።

ከእነዚህ በቀር ምንም ቅሬታ የለኝም። የምለምነው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ መጽሔቱን ከነሬንጁ፣ ከነጣቶቹ፣ ሳይታጠብና ሳይታሸግ መልሱልኝ። ነጥቡን ከአራት ወደ አንድ ብታወርዱት ቅር አይለኝም። ምስክር ወረቀት መስጠት የግድ ከሆነባችሁም በጉድለት ቦታ ላይ «የባለቤቱ አእምሮ» ብላችሁ ሙሉበት፤ እኔ እፈርምበታለሁ። የላካችሁልኝ ደብዳቤ ሥራው መቼ እንደሚጀመር አይገልጽም። እፈራለሁ። ያቺን የተጣመመች ትንሽ ጣት ከዚያ ወረቀት ሌላ የሚያሳየን ምንም የለንም። በዚያን ዘመን ቤታችን ፎቶግራፍ የሚያነሣ አልነበረም፤ ቢኖርም የልጅ እግር የሚያነሣ አይገኝም።

ለአንባቢዎቻችንም ማስታወቂያ አለኝ፦ የሽራደርን እትም ውድድር በይፋ ለቅቄያለሁ፤ ሚስተር ፕላንክም ምሳውን በሰላም ይብላ። ለእርስዎ ደግሞ ስለ ትጋትዎ፣ ስለ ነጭ ጓንትዎ፣ ስለ ስልኩ ሙዚቃ፣ ከሁሉም በላይ ሰው ያልጠየቀውን በነጻ ስለሚያደርገው ለጋስነትዎ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

ወገቤ እስከፈቀደልኝ ድረስ ዝቅ ብዬ እጅ እየነሳሁ፣
የቀድሞው ኩሩ፣ የአሁኑ አፋር ደንበኛዎ
ኤልዉድ ክሩግ

ግልባጭ፦
ለሚስተር ቨርጂል ፕላንክ፣ ኢንዲያና (ደስ ይበለው ተብሎ)
ለዶርካስ ክሩግ (ታዝዤ)

ሳልረሳው፦ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ለዶርካስ አነበብኩላት። እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «እስካሁን ጠርገውት ከሆነስ?» አለችኝ። ብዕሬን እንደገና አነሣሁ። ስለዚህ በእሷ ትእዛዝ ይህችን እጨምራለሁ፦ ጠርጋችሁት ከሆነ መጽሔቱን ከነሰባት ተኩሉ እዚያው አስቀሩት፤ እኛ የጠረጋችሁበትን ጥጥ ላኩልን።