እርግብግቢቱ ያልገጠመው ውሻ

ልጄ ትርሲት፣ ዋሽተሽኛል። በጥምቀት ማግስት፣ በገዛ ቤቴ፣ እናትሽ በተቀመጠችበት፣ ዓይኔን እያየሽ ዋሽተሽኛል። ሰላምታዬን ከዚህ በኋላ አደርሳለሁ፤ ይህን ሳላስቀድም ግን እጄ ሌላ ቃል አልጽፍም አለኝ።

አሁን ሰላምታዬን ተቀበይ። እንደምን ሰንብተሻል? ያ የወገብ ሕመምሽ ለቀቀሽ ወይስ እንዳስቸገረሽ ነው? ባለቤትሽ አንተነህስ እንደምን አለ? ልጅሽ ናትናኤል የፊት ጥርሱ ወልቆ ነበር፤ በቀለለት? እኛ ላቆየን አምላክ ምስጋና ይግባውና አለን። እናትሽን ጉልበቷ እንደ ልማዱ ጠዋት ጠዋት ይይዛታል፤ ጾሙን ግን አንድ ቀን አላጓደለችም። ገብሱ ጎተራ ገብቷል፣ ጭዱም ተከምሯል፣ መሬቱ ዝናብ ይጠብቃል። ስልኩ ከጠፋ ሁለተኛ ወሩ ነው። መንገዱም አንድ ቀን ይከፈታል፣ ሦስት ቀን ይዘጋል። ስለዚህ ይህን ወረቀት ዛሬ ከገበያ ለነጋዴው ለኃይለ ሚካኤል እሰጠዋለሁ። መንገድ ከቀናው እሑድ አዲስ አበባ ይገባል፤ ለሚቀጥለው አርብ ገበያም ይመለሳል። ይህን ቀን ልብ በይ፤ ኋላ እመለስበታለሁ።

ኅዳር ላይ ጅብ ውሻችንን መቻልን ከበረቱ ደጅ እንደወሰደው ታውቂያለሽ። እንደሱ ያለ ውሻ አላገኝም ብዬ አዝኜ ሳለ፣ የፈረንጅ ዘር ውሻ ብርቱ ነው ሲሉ ሰምቼ አንድ ቡችላ እንድትፈልጊልኝ ላክሁብሽ። አንቺም በጥምቀት ማግስት በዘንቢል ይዘሽ መጣሽ። ያን ቀን ሁለት ነገር ነገርሽኝ። አንደኛ፣ ቡችላ ነው፣ ያድጋል አልሽ። ሁለተኛ፣ የእብደት ክትባቱን ተከትቧል አልሽ። በማግስቱ ተሳፍረሽ ሄድሽ።

እኔ ሰው ያለኝን ዝም ብዬ የምቀበል አይደለሁምና ራሴ መረመርሁት። አናቱን ብዳስስ እርግብግቢቱ አልገጠመም። እንደ አራስ ልጅ ከጣቴ ሥር ይመታል። እንግዲህ ይህማ ገና ጨቅላ ነው፣ እናቱን ሳይጠግብ ነው ያመጣችው ብዬ አመንሁሽ። እናትሽም ለእናንተ ታደርገው እንደነበረው ለጋ ቅቤ አናቱ ላይ አደረገችለት። እስከ ቅበላ ድረስ በየሁለት ቀኑ ተቀባ። ስሙንም ነብሮ አልሁት። ሲያድግ የሚስማማውን ስም ካሁኑ ይልመደው ብዬ ነው። ከበረቱ ደጅ የድንጋይ ቤት ሠራሁለት፤ ጥጃ ያሳድራል።

ነብሮ ግን አላደገም። ጎረቤታችን ጣሰው ባለፈ ባገደመ ቁጥር አጥሩ ላይ ተደግፎ "ወርቅነህ፣ ነብሩ ዛሬስ ድመቷን አከለ?" ይለኛል። ቆይ ታያለህ እለው ነበር። በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ በሰው ፊት፣ ለፍልሰታ በግ ያህላል ብዬ ተናግሬያለሁ። ሰባ አራት ዓመት ሙሉ የተናገርሁት ወድቆብኝ አያውቅም ነበር።

ከዚያ ችግሩ ተከታትሎ መጣ። ጸጉሩ ረጅም ነው፣ እንደ ሐር የለሰለሰ፣ በጆሮውና በጭኑ በኩል የሚወርድ። ቅቤውና አቧራው አንድ ላይ ሆኖ ከጆሮው ሥር እንደ ቡቱቶ ተቋጠረ፤ ዝንብም ሰፈረበት። ዓይኑ ያለማቋረጥ ያለቅሳል። አንገቱን እንደ መቻል በጠፍር ባስረው ገመዱን በሳበ ቁጥር ትንፋሹ እየታፈነ ያናፋል። ብርዱ ሲመጣ ከድንጋዩ ቤት ወጥቶ በር ይቧጭራል። ውሻ ከውጭ ነው የሚያድረው ብዬ መለስሁት። ሦስት ጊዜ መለስሁት። በአራተኛው እናትሽ ነጠላዋ ውስጥ አስገባችው፣ እኔም እንዳላየሁ ሆንሁ።

ጾሙ ሲገባ በቤቴ ማንም ሳይጾም አይበላም ብዬ ለእሱም ከእኛ ጋር ቅዳሴ ሲወጣ ብቻ አንድ ጊዜ ቂጣ ሰጠሁት። በሁለተኛው ሳምንት፣ ጠዋት፣ ቆሞ ሳለ ይንቀጠቀጥ ጀመር። እግሩ ተሳሰረ፣ ወደቀ፣ አረፋ ደፈቀ። ጣሰው አጥሩ ላይ ነበር። ያን ቀን አልሳቀም። አይቶ ወደ ቤቱ ገባ።

ለምን እንዳልሳቀ ልንገርሽ። ከእኛ በታች ካለው መንደር በዚያው ሳምንት እብድ ውሻ ተነሥቶ አንዲት ጥጃና ሁለት ውሾች ነክሷል። ጥጃዋ እየጮኸች ሞተች። ውሻው በእኛ በኩል አልፎ ነው የተገደለው። በደጃችን ይለፍ አይለፍ ያየ የለም። እኛ ቤተ ክርስቲያን ነበርን፣ ነብሮ ግን ከደጅ ታስሮ ነበር።

በዘንቢሉ አድርጌ አርብ ገበያ ወሰድሁት። የእንስሳት ሐኪሟ ሜሮን ትባላለች፤ ልጅ ናት፣ ግን የምታውቀውን ታውቃለች። አፉን ከፍታ አየችና "አባባ፣ ማነው ቡችላ ነው ያለዎት? ይሄኮ ሽማግሌ ነው፤ ቢያንስ ስምንት ዓመቱ ነው" አለችኝ። ጥርሱ ተበልቷል፣ ሁለቱ የሉም፣ አንዱ ይነቃነቃል። ከናትናኤል ይበልጣል፣ ትርሲት። እርግብግቢቱ አልገጠመም አልኋት። ዘሩ ቺዋዋ እንደሚባል፣ ብዙዎቹም እርግብግቢታቸው ሳይገጥም አርጅተው እንደሚሞቱ ነገረችኝ። አጠገቧ የቆሙ ገበያተኞች ሰሙ። ሳቁ። እኔ ቆሜ ሰማሁ።

የነገረችኝን ሁሉ ጽፌ ያዝሁ፤ አንቺ ልትነግሪኝ የሚገባሽ ነበር። ሆዱ ትንሽ ስለሆነ ረሃብ አይችልም፤ በቀን አራት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ይበላል። ሲንቀጠቀጥ ድዱ ላይ ማር ይቀባል። በአንገቱ አይታሰርም፣ በደረቱ በሚያልፍ ማሰሪያ እንጂ። ጸጉሩ በየቀኑ ይበጠራል፣ ከጆሮው ኋላና ከብብቱ ሳይዘለል። ዓይኑ በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ይጠረጋል። ብርድ ያለበት አያድርም። አናቱ አይመታም፣ ቅቤም አይቀባም። ይህን ሁሉ ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላጓድል እያደረግሁ ነው። ጠፍሩን ጥዬ ከአሮጌ መቀነት የደረት ማሰሪያ ሰፋሁለት።

ለምን እንደዋሸሽ አልጠይቅሽም። አከራያችሁ ውሻችሁን አውጡልኝ ብሎ እንደነበር እናትሽ በኋላ ነግራኛለች። ይህንኑ ብትነግሪኝ ተቆጥቼም ቢሆን እቀበለው ነበር።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ባለፈው ቅዳሜ ከጆሮው ሥር የተቋጠረውን ጸጉር በመቀስ ሳነሣ ከሥሩ ቁስል አገኘሁ። ሁለት ትንንሽ ቀዳዳ ነው፣ ጎን ለጎን። ጥርስ ይሁን፣ ቋጠሮው ቆዳውን ያበሰበሰው ይሁን አልለየሁም። ስነካው አመመው መሰል ዞሮ አመልካች ጣቴን ነከሰኝ። ደማ። ወዲያው በሳሙናና በውሃ ብዙ ጊዜ አጠብሁት። ለእናትሽ ማጭድ ነው አልኋት።

ሰኞ ዕለት ሜሮን ዘንድ ተመለስሁ። ቁስሉን አይታ እሷም አልለየችውም። ውሻውን ለብቻው ዘግቼ አሥር ቀን እንድጠብቅ፣ በአሥሩ ቀን ጤነኛ ከሆነ በጣቴ ያስገባው እብደት እንደሌለ፣ ከሞተ ግን አንጎሉ እንዲመረመር ነገረችኝ። እኔ ግን አሥሩን ቀን ሳልጠብቅ ዛሬውኑ ደብረ ታቦር ሄጄ መርፌ እንድጀምር አዘዘችኝ። ልጄ ተከትቧል ብላኛለች አልኋት። "ወረቀቱን አይተዋል?" አለችኝ። ቃሏን ሰምቻለሁ አልኋት። እሷም ቀስ ብላ "ቡችላ ነው ያለችዎትም እሷ ናት፣ አባባ" አለችኝ።

አልሄድሁም። መርፌ የጀመርሁ ዕለት ውሻው አብዷል ብዬ በራሴ አፍ እንደመሰከርሁ ይቆጠራል፤ በዚያው ቀን ጣሰውና ሰዎቹ በዱላ ይጨርሱታል። የልጄም ቃል ለሁለተኛ ጊዜ በአደባባይ ይወድቃል። አንዱን ውድቀት ገበያው ስቆበታል። ሁለተኛው አያስቅም።

ቀበሌው ጉባኤ ጠርቶ የክትባት ወረቀት የሌለው ውሻ ሁሉ ይገደል ብሎ ወስኗል። ተነሥቼ ወረቀት አለው፣ አዲስ አበባ ነው ያለው አልሁ። እስከሚቀጥለው አርብ ጊዜ ሰጡኝ። ጣሰው ከጉባኤው ሲወጣ እጄን አየ። ጣቴን ጋቢዬ ውስጥ አስገባሁ። "ወርቅነህ፣ እጅህን ምን ሆንህ?" አለኝ። ማጭድ አልሁት። ለሁለት ሰው ዋሸሁ ማለት ነው፤ ይህን ከማን እንደተማርሁት አላውቅም።

ዛሬ ስድስተኛው ቀን ነው፤ እኔ ከምተኛበት ክፍል ዘግቼዋለሁ። እስከ ትናንት በደንብ በላ፣ ጅራቱንም ቆላ። ዛሬ ጠዋት ግን ከአልጋ ሥር ገብቶ አልወጣም አለ። ውሃ ባቀርብለት ፊቱን አዞረ። ያ የሚነቃነቀው ጥርሱ ይሆናል እላለሁ፣ ምራቁም የሚዝረበረበው ከዚያ ይሆናል። በሩን ስከፍት ብርሃኑን ሸሽቶ ወደ ግድግዳው ተጠጋ። ጣቴም ያሳክከኛል። ቁስል ሲድን ያሳክካል።

እንግዲህ ስሚኝ። ክትባቱ እውነት ከሆነ ወረቀቱን በኃይለ ሚካኤል ላኪ። ሐሰት ከሆነ ምክንያት አትጻፊ፣ ይቅርታም አትጻፊ። "ሂድ" ብለሽ አንዲት ቃል ጽፈሽ ላኪ፣ እሄዳለሁ። ሜሮን ጊዜው ገና አላለፈም ብላኛለች፤ እስከ መቼ እንደማያልፍ ግን አልነገረችኝም። እስከዚያ ድረስ ቃልሽን ይዤ እቀመጣለሁ። እናትሽ ይህን አታውቅም፣ ከአንቺም እንዳትሰማ።

አንተነህን ሰላም በዪልኝ፤ በዘመዶቹ ሁሉ ስም። የቤትሽን ጎረቤቶች፣ በሕመምሽ የጠየቁሽን፣ ሰላም በዪልኝ። ናትናኤልን ግንባሩን ሳሚልኝ። ስለ ውሻው ከጠየቀሽ አያትህ በየቀኑ ያበጥረዋል፣ ከአልጋው አጠገብ ያስተኛዋል በዪው፤ ይህ እውነት ነው። እናትሽ ሐረገ ወይን ጉንጭሽን ደጋግማ ስማለች፤ የበሶ ዱቄትም ልካልሻለች።

ቡችላ ነው ስላልሽኝ ነገር ከላይ የጻፍሁት መጀመሪያዬም መጨረሻዬም ነው። ለፋሲካ ብትመጪ አልጠይቅሽም፤ ልትነግሪኝ ብትጀምሪም ተነሥቼ እወጣለሁ። በሞት አልጋዬ ላይ ብሆንም ስለዚህ ጉዳይ አንድ ቃል አልናገርም።

አባትሽ ወርቅነህ
ታች ጋይንት፣ ከቤተ ልሔም በታች
አርብ፣ መጋቢት 19 ቀን 2017 ዓ.ም.