ያልጮኸው የውርጭ ማንቂያ

ሰኞ፣ ኅዳር 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጠዋት አያ ማሩ ከኮሶዬ ደወሉ። «ምነው ልጄ፣ መሣሪያህ ዝም አለ? ድንቹን ውርጭ መታው» አሉኝ። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ማንቂያውን የሠራሁላቸው ውርጭ ሲወርድ ጮኾ እንዲቀሰቅሳቸውና ማሳው ዳር ውርጩን የሚከላከል ጭስ እንዲያጨሱ ብዬ ነው።

ፕሮግራሙ መሣሪያውን በምታሠራው ቺፕ ውስጥ የት ላይ እንደሚቆም የሚያሳየኝ ነፃ ዲበገር፣ ማለትም ስሕተት መፈለጊያ ፕሮግራም፣ ስፈልግ ዋልኩ። ሦስት አወረድኩ፤ አንዱም ይህችን ትንሽ ቺፕ አያውቃትም። ኢንተርኔት ላይ የእኔኑ ጥያቄ የጠየቀ አንድ ሰው አገኘሁ፤ መልስ የሰጠው የለም። አራዳ ገበያ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ስገዛት ይህን ማጣራት ነበረብኝ፤ ደደብ ነኝ።

አባቴ የዜማ መምህር ናቸው። ጭንቀቴን አይተው «ተማሪ ሲሳሳት የት ተሳሳትህ አንለውም፤ ከመጀመሪያው ጀምረህ በል እንለዋለን። የሚሰናከልበት ቦታ ራሱ ይሰማል» አሉኝ። ስለዚህ ፕሮግራሙ አንድ ደረጃ ባለፈ ቁጥር መሣሪያው ላይ ያለችው ትንሽ መብራት ብልጭ እንድትል አደረግሁና መሣሪያውን ፍሪዘር ውስጥ ከተትኩት። ሰባት ጊዜ ብልጭ ማለት ነበረባት። ሁለት ጊዜ ብላ ቀረች።

ሦስተኛው ደረጃ ከዜሮ በታች ያለውን ቅዝቃዜ የሚያነበው ነው። እኔ ግን ለገበሬዎቹ ከመስጠቴ በፊት የሞከርኩት እዚህ ጎንደር፣ ውርጭ በማይገባበት መኝታ ቤቴ ውስጥ ብቻ ነበር።

የት እንደሚቆም አወቅሁ፤ ለምን እንደሆነ ግን አሁንም አላውቅም። ሰማዩ ጥርት ብሏል፤ ዛሬ ሌሊትም ውርጭ ሳይወርድ አይቀርም። አምባ ጊዮርጊስ ያሉ፣ ይህንኑ መሣሪያ የሠራሁላቸው ሌሎች አምስት ገበሬዎች ዛሬም ማንቂያውን አምነው ይተኛሉ። «አትመኑት» ልላቸው ስልኬን ካነሣሁ ቆየሁ። ገና አልደወልኩም።