ሁለተኛው የልብ ወረቀት

ልጄ ሮሐ፣ እመብርሃን ከክፉ ነገር ሁሉ ትሰውርሽ፤ እንዴት ከረምሽ?

እዚህ ሸጎሌ ዝናቡ በርትቷል። ማክሰኞ ደረቴን ቢጫነኝ ጨጓራ ነው ብዬ ብቻዬን ሐኪም ቤት ሄድኩ። ሽቦ ለጥፈው የልቤን ምት በወረቀት አነሱት፤ ደህና ነው ተባለ። ልወጣ ስል ሐኪሟ፣ «እማማ፣ አንዳንዱ ሃርት አታክ፣ ድንገተኛው የልብ ሕመም፣ መጀመሪያ ላይ አይታይም፤ ቆይተን እንድገመው» አለችኝ። በሁለተኛው ወረቀት መስመሩ ሽቅብ ወጣ። «ይሄ የልብ ደም ሥር ሙሉ በሙሉ የሚዘጋበት ዓይነት ነው፤ አሁኑኑ መከፈት አለበት። ማን ልጥራልዎ?» አለች። ስምሽን ልጠራ አፌን ከፍቼ፣ ሩቅ መሆንሽ ትዝ ቢለኝ ዘጋሁት፤ የጎረቤታችንን የዘርትሁንን ስልክ ሰጠኋት።

ተከፍቶልኝ ቤቴ ገብቻለሁ፤ አትደንግጪ። እሑድ ስትደውዪ ግን ወሬ ቢያልቅብን እንኳ ስልኩን አትዝጊው፤ ዕቃ ስታጥቢ ድምፁን ልስማ።

እግዚአብሔር ቤትሽን በሰው ይሙላው።

እናትሽ አፀደ